ጣርማበርን በክረምት የምትመላለሱ ሹፌሮች፣ እስቲ ምከሩኝ

አዲስ_መስመር | ሐምሌ 9፣ ምሽት 2:40

ሰላም ወገን። አራት ዓመት ኤንፒአር (ትንሿን አይሱዙ የጭነት መኪና) ነድቻለሁ። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ሜዳ ለሜዳ። ከሰኔ ወዲህ ሲኖ (ከባዱ የቻይና የጭነት መኪና) ተሰጥቶኝ ደሴ መስመር ገብቻለሁ። ሲሚንቶ ይዤ እሄዳለሁ፣ ስመለስ አንዳንዴ ከሸዋ ሮቢት ማሾ እጭናለሁ፣ አንዳንዴ ባዶዬን ነው።

ባለፈው ሐሙስ ያየሁትን ልንገራችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ካፊያ ብቻ ነበር። የጣርማበርን ዋሻ ገብቼ በዚያ በኩል ስወጣ ዓለም የለም። ነጭ ነው። ረዳቴ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ «ያዝ! ግራ! ትንሽ ቀኝ!» እያለኝ ነው የወረድነው። አንድ ኩርባ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ጠበቀን። የቆመ መኪና አለ ብዬ መሪውን ጠመዘዝኩ። መኪና የለም። ድንጋዩ ብቻ ነው ያለው። የፊቱን ሳትኩት፣ የኋላ ጎማዬን ግን ጎኑን ቀደደው። ባለንብረቱ ከደሞዝህ ይቆረጣል ብሎኛል።

እና እናንተ እንዴት ነው የምታልፉት? ገና ሐምሌ ነው፣ ነሐሴ ሙሉ ከፊቴ አለ።

ሸዋ_ሮቢቴ | ሐምሌ 9፣ ምሽት 3:05

ጉም ሲኖር አለመሄድ። አለቀ።

አዲስ_መስመር | ሐምሌ 9፣ ምሽት 3:11

እሱን ለባለንብረቱ ንገርልኝ 😀 በየግማሽ ሰዓቱ «የት ደረስክ» ነው።

ጋሽ_ተሳቢ | ሐምሌ 9፣ ምሽት 4:20

ወንድሜ እንኳን ተረፍክ። ጎማ ይገዛል።

እኔ በዚህ መስመር ከ20 ክረምት በላይ አለኝ። ጣርማበር የሚነዳው ከዋሻው በፊት ነው። ከዋሻው በኋላ መኪናው ነው አንተን የሚነዳህ። ስለዚህ ዋሻው ሳትደርስ ቁም። ውረድ። ሽንትህን ሽና። ጎማውን በመዶሻ ምታ፣ የአየር ጌጁን እይ፣ ታኮህ (ጎማ ሥር የሚደረገው ማገጃ) የት እንዳለ እወቅ (ብዙ ልጅ ታኮ መፈለግ የሚጀምረው መኪናው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው)። መብራትህን አብራ፣ ጣልያን የቆፈረው ዋሻ ነው፣ ሁለት ከባድ መኪና ሲተላለፍበት ይጠባል። ከዚያ ከባድ (ዝቅተኛውን) ማርሽ አስገባና ውጣ። እኔን ያስተማሩኝ ሰው «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» ይሉ ነበር። በዝናብ ከዚያም አንድ ዝቅ አድርግ። ቁልቁለቱ ከያዘህ በኋላ ማርሽ ልቀንስ ብትል፣ ከወጣ በኋላ አልገባም ሊልህ ይችላል። ያኔ ያን ሁሉ ሲሚንቶ በጀርባህ አዝለህ በዜሮ እየተንደረደርክ ነው።

የእግር ፍሬኑን አትደገፍበት። ረገጥ አድርገህ ፍጥነቱን ግደለው፣ ልቀቀው፣ ይተንፍስ። እግርህን ጣል አድርገህ ዝም ብለህ ደብረ ሲና ድረስ ከወረድክ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ሸራው የሚይዘው ታምቡር ይሰፋል፣ ከዚያ ወለሉ ድረስ ብትረግጠውም የሚይዝልህ ነገር የለም። ሽታው ሲመጣ ዘግይተሃል ማለት ነው። ያኔ ሞተርህን ሳታጠፋ፣ ፍሬን ሞተሩ (ሞተሩን አፍኖ መኪናውን የሚያዘገየው) እንደያዘ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገህ ቁምና ታኮ አስደርግ። ራሱ ይብረድ። ውሃ አታፍስበት፣ የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ ሲፈስ ሲሰነጠቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ናፍታ ለመቆጠብ ብለው በዜሮ የሚለቁ አሉ። ስለ እነሱ እንዳታነሱብኝ።

መካኒክ_ዘደብረብርሃን | ሐምሌ 10፣ ጠዋት 1:30

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ስለ ዜሮው ግን ልጨምር። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከናፍታ ስታነሳ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው፣ ፓምፑ ናፍታ መስጠቱን ያቆማል። በዜሮ ስትለቀው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍታ ይጠጣል። ስለዚህ በዜሮ የሚወርደው ሰው ቁጠባም የለውም፣ ፍሬንም የለውም። ይህንን ለስንቱ እንደነገርኩ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ሰምተውኝ ይስቃሉ፣ ከዚያ በወሩ ሸራ ሊያስቀይሩ ይመጣሉ።

ሌላው፣ የፍሬኑን የአየር ታንክ ውሃ በየጠዋቱ አፍስስ። አየር ሲታመቅ ውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ታች ይቀመጣል፣ በክረምት ደግሞ አየሩ ራሱ ውሃ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ መጣ፣ ቫልቩን ስከፍተው ቡና በወተት የመሰለ ነገር ፏ ብሎ ወጣ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። ፍሬንህ ነው አልኩት።

ባዶ_ተመላሽ | ሐምሌ 10፣ ጠዋት 3:15

ፍሬን ሞተርን እንደ ታቦት አታንግሱት እንጂ። ጭነት ስትይዝ ልክ ናችሁ። ባዶ ስትሆን ሌላ ታሪክ ነው። ባዶ መኪና በእርጥብ አስፋልት ላይ የኋላ ጎማው መሬት አይጨብጥም። ፍሬን ሞተሩ ደግሞ የሚይዘው የኋላውን ብቻ ነው። ዓምና ኮምቦልቻ ጭነት ላነሳ ባዶዬን ከነተሳቢው ስወርድ ኩርባው መሀል ላይ ፍሬን ሞተሩን አበራሁት። ጀርባዬ ጥሎኝ ሄደ። ተሳቢው በመስኮቴ ትይዩ መጥቶ ሲያየኝ ትዝ ይለኛል፣ እንደ ጎረቤት። ከናፍታ ላይም ከፍሬን ላይም እግሬን አንስቼ መሪውን ሳቀናው እግዜር ብሎ ተመለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ባዶ ከሆንኩ በዝናብ ፍሬን ሞተር ቀጥታው ላይ እንጂ ኩርባ ውስጥ አልነካም።

በተለይ ሊሾ (ጥርሱ ያለቀ) ጎማ ይዘህ ከሆነ። ባለንብረት ሁሌ አዲሱን ጎማ ፊት ያስርና አሮጌውን ለኋላ ይተዋል።

ጋሽ_ተሳቢ | ሐምሌ 10፣ ጠዋት 3:50

እሱ እውነት ነው። ልብ አላልኩትም፣ ባዶ ስሄድ በደመ ነፍስ ነው የማደርገው።

ጂኦግራፊ_ነኝ | ሐምሌ 10፣ ቀን 6:40

ሹፌር አይደለሁም። አስተማሪ ነኝ፣ በአውቶብስ ነው የምመላለሰው፣ ፈርቼ 😀 ግን ጉሙ ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደሚቀመጥ ማወቅ የሚጠቅም መሰለኝ።

ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማበር ከ3000 በላይ ነው። ከታች ከአዋሽና ከአፋር በኩል ያለው ሞቃትና እርጥብ አየር ከተራራው ግድግዳ ጋር ይጋጭና ሽቅብ ይወጣል። በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ አፋፉ ጋ ሲደርስ እርጥበቱን መሸከም ያቅተውና ጉም ይሆናል። ለዚህ ነው ደብረ ብርሃን ጥርት ብሎ ዋሻውን ሲሻገሩ ዓለም የሚጠፋው። ደመና ውስጥ ነው የምትገቡት። በበልግም እንደዚያው ነው፣ ክረምት ብቻ አይምሰላችሁ።

ሌላው የሚያሳስበኝ ናዳው ነው። በ1998 መጀመሪያ ላይ ደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ ወይን ላይ መሬቱ ተንሸራቶ ስንት ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቀለ። ያ አፈር በዝናብ ሲጠግብ ይንቀሳቀሳል። ስትነዱ ተራራው ለመንገድ ከተቆረጠበት በኩል ትኩስ አፈርና ትናንሽ ጠጠር አስፋልቱ ላይ ካያችሁ፣ ወይም ትናንት ንጹህ ውሃ ይወርድበት የነበረ ቦታ ዛሬ ደፍርሶ ከወረደ፣ እዚያ ሥር አትቁሙ። ፎቶም አታንሱ።

ሸዋ_ሮቢቴ | ሐምሌ 10፣ ቀን 7:02

ለጭላዳ ዝንጀሮ ዳቦ ሊወረውሩ የሚቆሙትንም ጨምርበት።

የመሐል_ሜዳ_ልጅ | ሐምሌ 10፣ ማታ 1:10

እናንተ ክረምት ክረምት ትላላችሁ። ክረምትማ ዝናብ ነው፣ ያልፋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ መንዝ ውጡና አነጋግሩኝ። ሰማዩ እንደ መስታወት የጠራ ሌሊት ነው ክፉው። ጠዋት ስትነሳ የፊት መስታወቱ ላይ አመዳይ እንደ ጨው ተነስንሶ ታገኘዋለህ።

አንድ ጊዜ ሞላሌ ላይ አድሬ ሊነጋጋ ሲል ጭነት አስቸኳይ ነው ተባልኩ። ከሻይ ቤት የፈላ ውሃ በጆግ ተቀብዬ መስታወቱ ላይ ከላይ ደፋሁት። «ጠሽ» አለ። ትንሽ ድምፅ ናት። ከግራ ጥግ እስከ መሀል አንድ መስመር ሄደ። እንደ ሸረሪት ድር እየተንቀጠቀጠ አዲስ አበባ ድረስ ነዳሁት። አሁን ማታ ማታ ማዳበሪያ ጆንያ ዘርግቼ በመጥረጊያው አጣብቄው ነው የማድረው፣ ጠዋት ጆንያውን ከነአመዳዩ ገሸልጠው ነው።

እና ዝተት ይኑራችሁ። የመንዝ ሱፍ። ጃኬት ምናምን ለከተማ ነው።

መካኒክ_ዘደብረብርሃን | ሐምሌ 10፣ ማታ 2:25

የመሐል ሜዳው ሳቄን አመጣኸው። ቁር ከተነሳ ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ ባትሪ። በብርድ ባትሪ አቅሙ ይወርዳል፣ ሞተሩ ደግሞ ዘይቱ ወፍሮ ለመዞር ይከብደዋል። ያረጀ ባትሪ አፋር ላይ ሳይታወቅበት ይኖርና ደብረ ብርሃን ሲያድር ነው የሚያጋልጥህ። ልጆቹ መፍትሔያቸው ቁልቁል አቁሞ ማደር ነው፣ ጠዋት ለቀው በማርሽ ሊያስነሱት። ዘይት ፍሬን ላለው ኤንፒአር ይሠራል እንበል። የአየር ፍሬን ላለው ግን አየሩ ሌሊት ከሾለከ የእጅ ፍሬኑ አይለቅልህም፣ እዚያው ተጣብቀህ ነው የምትቀረው። ለቆ ከሄደልህም ሞተሩ ካልተነሳ አየር የሚሞላልህ የለም። አታድርጉት።

ሁለተኛ ኩላንት። «እዚህ ውሃ በረዶ አይሆንም፣ ለምን ኩላንት እገዛለሁ» ይሉኛል። ነገሩ ብርድ ብቻ አይደለም። 3000 ሜትር ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ተነስተህ፣ ጭነህ፣ ያን አቀበት በከባድ ማርሽ ስታቃስት ሞተሩ ግሏል፣ ውሃው ደግሞ ከፍ ባልክ ቁጥር ቶሎ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ከላላ አበቃ። ኩላንት ቶሎ እንዳይፈላም፣ ዝገት እንዳይኖርም ይረዳል። እና እባካችሁ ቴርሞስታት አታስወልቁ። ቆላ ላይ ሞቀብኝ ብሎ ያወለቀ ሰው ደጋ ሲወጣ ሞተሩ አልሞቅ ብሎት ናፍታ ይፈጃል።

ረዳት_ነበርኩ | ሐምሌ 11፣ ጠዋት 12:50

ስለ ድንጋዩ ማንም አልተናገረም። እኔ ልናገር።

ስድስት ዓመት ረዳት ነበርኩ። መኪና ሲበላሽ ድንጋይ የምደረድረው እኔ ነኝ። ከኋላ 50 እርምጃ ላይ አንድ፣ ቀጥሎ ትልልቁን፣ ቅጠል ከተገኘ ቅጠል። ባለ ሦስት ማዕዘኑ አንጸባራቂ መኪናው ላይ ሲኖር አይቼ አላውቅም፣ ቢኖርም ተሰርቆ ነው። ተሠርቶ ሲያልቅ ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ «ና ዝለል!» ይላል። አቀበት ላይ ከሆንክ ደግሞ አይጠብቅህም፣ ሮጠህ ነው የምትይዘው። ድንጋዩን ማን ያነሳዋል?

አንድ ነሐሴ ከደብረ ሲና በላይ ጎማ ቀየርን። ዶፍ ነበር። እጄ ደንዝዞ ብሎኑን በሁለት መዳፌ ነው የያዝኩት። ሲያልቅ አምስት ድንጋይ ከኋላ ቀረ፣ ዞር ብዬ አየሁት፣ ጭቃ የነካው ትልቁ መሀል መስመሩ ላይ ነው። ልመለስ አሰብኩ። መኪናው መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። ዘለልኩ። በሦስተኛው ቀን በዚያው ስንመለስ አንድ ሚኒባስ ቦዩ ውስጥ በጎኑ ተኝቶ አየሁ። ሰው አልነበረበትም፣ አንስተዋቸዋል። የኔ ድንጋይ ይሁን አይሁን አላውቅም። ጠይቄም አላውቅም።

አሁን የራሴን እነዳለሁ። ረዳቴ ድንጋዩን ሳያነሳ ጋቢና አይገባም። አዲስ መስመር፣ ያንተን ጎማ የቀደደው እንደኔ ያለ ልጅ ነው። ይቅርታ ወንድሜ።

አዲስ_መስመር | ሐምሌ 11፣ ጠዋት 2:15

ምን እላለሁ። እኔም ረዳት ሆኜ ትቼ ሄጃለሁ፣ አሁን ስታነሳው ነው ያስታወስኩት።

ባዶ_ተመላሽ | ሐምሌ 11፣ ጠዋት 2:40

ሁላችንም።

ሸዋ_ሮቢቴ | ሐምሌ 11፣ ጠዋት 4:00

ጉም ውስጥ አራቱን ፍሬቻ አብርቶ መንዳትስ? እኔ ሁሌ አበራለሁ።

ጋሽ_ተሳቢ | ሐምሌ 11፣ ቀን 6:15

እኔ አልወደውም። አራቱን አብርተህ ስትሄድ ከኋላህ ያለው ቆመሃል ወይስ ትሄዳለህ አያውቅም። ልትታጠፍ ስትልም ፍሬቻህ አይለይም። ቆመህ ከሆነ አብራ። ስትሄድ አጭር መብራትና ከታች ያለውን የጉም መብራት። ረጅሙን በጭራሽ። ረጅሙን ስታበራ ጉሙ መብራቱን መልሶ ዓይንህ ላይ ነው የሚደፋው፣ ነጭ ግድግዳ ትሆንብሃለች።

ሸዋ_ሮቢቴ | ሐምሌ 11፣ ቀን 6:30

እሺ ግን እንደ በሬ ቀስ ብለህ ስትሄድ ከኋላ የሚመጣው ቅጥቅጥ እንዳይገባብህስ? እኔ ማብራቴን አልተውም።

ጋሽ_ተሳቢ | ሐምሌ 11፣ ቀን 6:34

እንግዲህ እንደምትወደው። በጣም ስትንፏቀቅ እሺ። ብቻ የኋላ መብራትህን ጭቃውን ጥረገው። ግማሹ መኪና መብራቱ ይሠራል፣ ጭቃው ነው የሸፈነው።

እማማ_ቁርስ_ቤት | ሐምሌ 12፣ ምሽት 2:00

ልጄ ናት ጽሑፉን ያሳየችኝ፣ እሷው እየጻፈችልኝ ነው። ደብረ ሲና ቁርስ ቤት አለኝ። ሹፌሮችን በፊታቸው ነው የማውቃቸው፣ ጉም ውስጥ የወረደ ሰው ሻይ ሲይዝ ብርጭቆው ከማንኪያው ጋር ያወራል።

ስለ አንድ ነገር ልቆጣችሁ። ከሰል። ብርድ ነው ብላችሁ ምድጃ ጋቢና ውስጥ አስገብታችሁ፣ መስኮት ዘግታችሁ የምትተኙ። ዓምና በጥር አንድ ሹፌርና ረዳቱ ደጄ ላይ እንዲህ አድርገው አደሩ። ምድጃው የኔ ነው፣ እኔው ነኝ ያዋስኳቸው፣ ለእግራቸው ማሞቂያ መስሎኝ። ጠዋት ገንፎ ሠርቼ ባንኳኳ ዝም። በር ሰብረው ሲያወጧቸው ልጁ ያስመልሰዋል፣ ትልቁ ሰውዬ ስሙን አያውቅም። ጤና ጣቢያ ወስደናቸው ተረፉ። ጭስ የለውም፣ ሽታም የለውም፣ የፈመ ከሰል ንጹህ ይመስላል፣ እንቅልፍ ብቻ ነው የሚመጣው። ከዚያ ወዲህ ምድጃ ለማንም አላዋስም፣ ንፉግ በሉኝ።

በርዶት የሚመጣ ሰው ቤቴ ገብቶ ወንበር ላይ ይደር። አረቄም አያሞቅም። ፊታችሁን ያቀላዋል እንጂ ያለቻችሁን ሙቀት ነው ወደ ውጭ የሚያስወጣው። በሶ በጥብጡ።

የመሐል_ሜዳ_ልጅ | ሐምሌ 12፣ ምሽት 2:20

እማማ ስለ አረቄው እንኳ ትንሽ ይደራደሩ 😀

እማማ_ቁርስ_ቤት | ሐምሌ 12፣ ምሽት 2:31

ከቆምክ በኋላ፣ ቁልፉን ለኔ ሰጥተህ።

ባዶ_ተመላሽ | ሐምሌ 13፣ ጠዋት 1:05

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ። መስታወት ከውስጥ ሲያልብ በጋቢ ስትጠርጉት አያለሁ፣ ይባስ ያደፈርሰዋል። ደረቅ ሳሙና ስስ አድርጋችሁ ቀቡትና በደረቅ ጨርቅ እስኪጠራ ወልውሉት። አንድ ቀን ይቆያል። ማሞቂያ ካለ ወደ መስታወቱ አድርጉት፣ ከሌለ ሁለቱንም መስኮት አንድ ጣት ክፈቱ። ብርድ ነው አትበሉ።

አዲስ_መስመር | ሐምሌ 16፣ ጠዋት 4:45

ወገን፣ አሁን ደብረ ሲና ነኝ። እማማ ጋ። (ገንፎው ያለ ነው።)

ዛሬ ያላችሁትን አደረግኩ። ከዋሻው በፊት ቆምኩ፣ ሸራውን አጠበቅኩ፣ የአየር ታንኩን ውሃ አፈሰስኩ፣ እውነትም ቡና በወተት ነው። ባለንብረቱ ሲደውል «ጋሼ፣ ጉም ነው፣ ቆሜአለሁ» አልኩት። ጮኸ። ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ትንሽ ሲሳሳ በከባድ ማርሽ ገባሁ፣ ፍሬን የረገጥኩት በጣት የሚቆጠር ነው፣ ታምቡሩን ወርጄ በመዳፌ ቀረብ ብዬ ባየው ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም።

እና ያ ኩርባ ላይ ድንጋዮቹ አሁንም እዚያው ናቸው! ሳምንት ሙሉ ሰው ሁሉ እየዞራቸው ያልፋል። ከታች ራቅ ብዬ አቁሜ ታኮ አድርገን ረዳቴ ቀይ ሹራቡን እያውለበለበ ቆመ፣ እኔ አነሳሁ። ሰባት ናቸው። ገደል ወረወርኳቸው።

ረዳት_ነበርኩ | ሐምሌ 16፣ ጠዋት 5:10

አበጀህ። ግን ገደል አትወርውር ወንድሜ፣ ከታች እረኛ አለ።

አዲስ_መስመር | ሐምሌ 16፣ ጠዋት 5:14

ኧረ! በጉም አልታየኝም። በሚቀጥለው ቦዩ ውስጥ አደርገዋለሁ።

ጋሽ_ተሳቢ | ሐምሌ 16፣ ጠዋት 5:30

ቦዩን ከደፈንከው ውሃው አስፋልቱ ላይ ይወጣና መንገዱን ይበላዋል።

አዲስ_መስመር | ሐምሌ 16፣ ጠዋት 5:33

እሺ ጋሼ፣ ጭኜው ሸዋ ሮቢት እወስደዋለሁ 😀

ሸዋ_ሮቢቴ | ሐምሌ 16፣ ጠዋት 5:35

እኛ ጋ ድንጋይ ሞልቷል፣ እንዳታመጣ።